የኪኒን ዛፍ የተባለችው መርከብ

ሌሊት እሠራለሁ። ሲያትል ከተማ መሐል ባለ አንድ የቢሮ ሕንፃ ሥር፣ በመስታወት በተከለለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ተቀምጬ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት በር እጠብቃለሁ። ሰዓቱን የምቆጥረው በአገሬ አቆጣጠር ነው፤ ብዙ ነገሬን ይህ አገር ሲለውጠው ሰዓቴን ግን አልለወጠውም። ሥራው ጉልበት አይጠይቅም። የሚጠይቀው አለመተኛትን ብቻ ነው። እኔም እንቅልፍን የምታገለው በንባብ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንዱ ክረምት ስለ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት መርከቦች ማንበብ ጀመርኩ። ምክንያት አልነበረውም፤ እጄ ላይ የገባው መጽሐፍ እሱ ነበረ። አንድ ሌሊት የደረስኩት የስም ዝርዝር ላይ ነው፦ እሑድ ኅዳር 28 ቀን 1934 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 7 ቀን 1941) ጠዋት ጃፓን ድንገት ስትመታት በፐርል ሀርበር ወደብ የነበሩት መርከቦች። ከዘጠና በላይ ናቸው። ከላይ ዓለም የሚያውቃቸው ታላላቆቹ ተደርድረዋል፦ አሪዞና፣ ኦክላሆማ፣ ዌስት ቨርጂኒያ። ወደ ታች ስወርድ ስሞቹ እያነሱ፣ መርከቦቹም እያነሱ ሄዱ። ወደ መጨረሻው ግድም አምስት ጥቃቅን መርከቦች ተጽፈዋል። ሥራቸው መረብ መዘርጋትና መጠበቅ ነው። ከአምስቱ የአንዷ ስም ሲንኮና ይላል።

ቃሉን አላውቀውም ነበርና መዝገበ ቃላት ገለጥኩ። ሲንኮና በደቡብ አሜሪካ ተራሮች የሚበቅል ዛፍ ነው፤ ከልጡ ኪኒን ይወጣል። ብቻዬን ሳቅሁ። በእናቴ ቤት ኪኒን የማይባል መድኃኒት አልነበረም፤ ራስ ቢያምም፣ ሆድ ቢቆርጥም፣ ትኩሳት ቢነሣም «ኪኒን ዋጥ» ነው። እውነተኛው ኪኒን ግን የአባቴ ነበር። በወጣትነታቸው ለእርሻ ሥራ ቆላ ወርደው ወባ ይዘው የተመለሱት አባቴ፣ ከዚያች መራራ ክኒን ጋር ዕድሜ ልክ ተዋውቀው ኖረዋል። እነሆ ስሟ የአባቴን መድኃኒት የሚጠራ የጦር መርከብ አገኘሁ። ይህን የምጽፈው ስለ እሷ ነው። ስለ አባቴም ነው፤ ሁለቱን ለመለየት ሞክሬ አልቻልኩም።

የአሜሪካ ባሕር ኃይል መረብ ዘርጊ መርከቦቹን የሚሰይመው በዛፎች ነበር። ሲንኮና ከ32 እኅትማማች መርከቦች አንዷ ስትሆን የመጀመሪያይቱ አሎ ትባላለች፤ በእኛ እሬት ማለት ነው። ማንጎ የተባለችም አለች። ባሕር ዛፍ የተባለችም አለች! ስሟን ሳይ የእንጦጦ ሽታ መጣብኝ። እኛ ያን ዛፍ ባሕር ዛፍ ያልነው ከባሕር ማዶ ስለመጣ ነው፤ እነሱ ደግሞ ያንኑ ዛፍ ወስደው ባሕር ላይ አቆሙት።

መረብ ስል ዓሣ የሚጠመድበት እንዳይመስላችሁ። የወፍራም ብረት ገመድ ጥልፍልፍ ነው። ሰርጓጅ መርከብን የሚያግደው ዓይኑ ሰፊ ነው፤ ቶርፒዶን የሚያግደው ግን እርስ በርስ በተያያዙ የብረት ቀለበቶች የተሠራ፣ እንደ ጥንት ጦረኛ ጥሩር የደቀቀ ነው። ከላይ ተንሳፋፊ በርሜሎች ይሸከሙታል፤ ከታች መልሕቅ ይይዘዋል። በወደቡ አፍ ላይ ከዳር እስከ ዳር ተዘርግቶ እንደ መጋረጃ ቁልቁል ይወርዳል። መሐሉ ላይ በር አለው። ወዳጅ መርከብ ሲመጣ እዚያው የምትቆም ትንሽ ጀልባ የመረቡን አንድ ወገን ስባ ትከፍታለች፤ መርከቡ ካለፈ በኋላ ትዘጋለች። እንደ ማንኛውም በር ነው። በውሃ ውስጥ መሆኑ ብቻ ይለያል።

ሲንኮናና እኅቶቿ ርዝመታቸው 163 ጫማ፣ ማለትም ሃምሳ ሜትር ያህል ነበር። የያዙት ሰው ከሃምሳ አይበልጥም፤ መድፋቸውም አንድ ነው። ከፊታቸው እንደ በሬ ቀንድ ሁለት ክንዶች ወጥተዋል፤ ከባዱን መረብ የሚያነሡትና የሚያወርዱት በእነዚያ ቀንዶች ነው። መልካቸው አያምርም፤ ፍጥነትም የላቸውም። ሥራቸው ደግሞ አያልቅም። ባሕር በውስጡ የተተወን ነገር በሰላም አያኖርም፦ አረም ያበቅልበታል፣ ቅርፊታም ነፍሳት ይለጥፍበታል፤ መረቡ ሲከብድ በርሜሎቹን ይዞ ይሰምጣል፤ ማዕበል ገመዱን ይበጥሳል፣ መልሕቁን ያንሸራትታል። ስለዚህ የዘረጉትን ያነሡታል፤ ያነሡትን ይፍቁታል፤ የፋቁትን ይጠግኑና መልሰው ይዘረጉታል። የተወጠረ የብረት ገመድ ድንገት ሲበጠስ የሰው እግር የሚቆርጥ ነውና ሥራው አደጋም አለው። ግን ማንም ጀግንነት ብሎ አይጠራውም። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል፤ ድሩን ሲያብር የሚያድረው ግን አይነሣም።

እስከ 1944 እ.ኤ.አ. ድረስ የማዕረግ ስማቸው እንኳ የወደብ መረብ አገልጋይ የሚል ነበር። በዚያ ዓመት መረብ ዘርጊ መርከብ ተባሉ። ሥራው ያው ነው፤ ስሙ ከፍ አለ። ይህን ሳነብ ዘበኛ የሚለው ቃል በአገራችን ጥበቃ ወደሚል መለወጡ ትዝ አለኝ። አባቴ ሁለቱንም ሆነው ኖረዋል። ደሞዛቸውና ካፖርታቸው ግን በሁለቱም ስም ያው ነበሩ።

አባቴ አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ መጋዘን በር ላይ 27 ዓመት ቆመዋል። ማታ 12 ሰዓት ሲሆን ካፖርታቸውን ደርበው፣ ባትሪና ዱላቸውን ይዘው ይወጣሉ፤ ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ላይ እኛ ወደ ትምህርት ቤት ልንወጣ ስንል ይገባሉ። ፊደል የቆጠሩት ጎልማሳ ከሆኑ በኋላ፣ በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ጊዜ ነው። የተማሩትን እንዳይረሱ ነው መሰለኝ በየጠዋቱ ቁርስ ሳይቀርቡ አንድ ደብተር ያወጡና አንድ መስመር ይጽፋሉ። ቀኑን ይጽፋሉ፤ ከቀኑ አጠገብ «ሰላም» ይላሉ። ሌላ የለም። የመሥሪያ ቤቱ መዝገብ ሌላ ነው፤ ይህ የራሳቸው ነው። አንድ ቀን እናቴ «ለማን ነው የምትጽፈው? ሰላም ለሆነ ነገር ማን ደብተር ያበላሻል?» ብላ ስቃባቸዋለች። እሳቸውም ሳቁ፤ መጻፋቸውን ግን አልተዉም።

እኔ ያን ጊዜ አልሳቅሁም። አፍሬ ነበር። የሰባተኛ ክፍል መመዝገቢያ ቅጽ ላይ የአባት ሥራ የሚል ባዶ ቦታ ነበረ፤ «የመንግሥት ሠራተኛ» ብዬ ሞላሁት። ውሸት አልነበረም። እውነትም አልነበረም።

ወደ ፐርል ሀርበር ልመለስ። በእኛ አገር የመጨረሻው የኢጣሊያ ጦር ጎንደር ላይ እጁን ከሰጠ ገና አሥር ቀኑ ነበር። ከዚያ በብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር ርቀት፣ በሐዋይ ደሴት፣ የዚያች እሑድ ሌሊት መረቡ ወደቡን ዘግቶ አድሯል። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ከ42 ላይ ከወደቡ ውጭ ፈንጂ ስትጠርግ ያደረችው ኮንዶር የሰርጓጅ መርከብ መመልከቻ ከውሃ በላይ ብቅ ሲል አየች፤ ለዋርድም ነገረቻት። ዋርድ ፈለገች፤ አጣች። ንጋት ላይ፣ 11 ሰዓት ሊሆን ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው፣ የሌሊቱን ሥራ የጨረሱት ኮንዶርና ጓደኛዋ ክሮስቢል እንዲገቡ የመረቡ በር ተከፈተ። አንዷ ገባች፤ ሌላዋም ተከትላ ገባች። ከአንድ ሰዓት ያህል በኋላ የምትወጣ ጎታች መርከብ ስለነበረች በሩ ሳይዘጋ ቆየ። ለአንድ ሰዓት ብሎ መዝጋትና መክፈት ምን ያደርጋል? ጎታቿ ወጣች። ነጋ። በሩ አሁንም አልተዘጋም።

12 ሰዓት ከ45 ላይ ዋርድ ወደ ወደቡ አፍ የምትጠጋ ትንሽ ሰርጓጅ አግኝታ ተኩሳ አሰጠመቻት። መልእክቱም ተላከ፤ ግን በጊዜው ሰሚ አላገኘም። የዚያችን ሰርጓጅ ስብርባሪ ከባሕሩ ወለል ያገኙት ከ60 ዓመት በኋላ፣ በ2002 እ.ኤ.አ. ነው። 2 ሰዓት ሊሆን 5 ደቂቃ ሲቀረው አውሮፕላኖቹ መጡ። የመረቡ በር የተዘጋው 2 ሰዓት ከ40 ገደማ ላይ፣ ወደቡ ሲቃጠል ነው። ሌላ ትንሽ ሰርጓጅ ግን ቀድማ ገብታ ነበር፤ በተከፈተው በር እንዳለፈች ይታመናል። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ሞናጋን የተባለች መርከብ እዚያው ወደቡ ውስጥ ገጭታ አሰጠመቻት። በዚያ ጠዋት 2,403 አሜሪካውያን ሞቱ። ከሟቾቹ እጅግ የሚበዙት በሰርጓጅ ሳይሆን ከሰማይ በወረደ ቦምብና ቶርፒዶ ነው። ያም ሆኖ በኋላ ምርመራ ሲቀመጥ ከተነሡት ጥያቄዎች አንዱ ይህ ነበር፦ በሩ ለምን ክፍት ሆነ?

ይህን ሳነብ መጽሐፉን አጠፍኩት። ተነሥቼ በመስታወቷ ክፍል ውስጥ ቆምኩ። በእኛም ቤት አንድ ክፍት በር ነበረና።

አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር። አንድ ምሽት የመጋዘኑ ኃላፊ ከመሄዱ በፊት ከክፍለ ሀገር የጭነት መኪና አምሽቶ ስለሚገባ የኋላው በር እንዳይቆለፍ ለአባቴ ነገራቸው። በቃል ነው የነገራቸው። መኪናው አልመጣም። አባቴ ሁለት በር ነበረባቸው፤ የፊቱ ተቆልፎ፣ የኋላው ሳይቆለፍ አደረ። ጠዋት ሲቆጠር 14 ጆንያ ስኳር የለም። በተቀመጠው ጉባኤ ላይ ኃላፊው ትእዛዙን አላስታውስም አለ። በጽሑፍ የሰፈረ ነገር አልነበረም። ለወራት ከደሞዛቸው ተቆረጠ፤ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤም ከፋይላቸው ገባ። ደብዳቤው ላይ የተጻፈውን አንድ ቃል እስከ ዛሬ አልረሳሁትም፦ «በቸልተኝነት»።

ያን ሰሞን አንድ ጠዋት ካፖርታቸውን ሲያወልቁ አገኘኋቸው። ስኳሩ ጠፍቶብን ሻዩን ያለ ስኳር የምንጠጣ ይመስል ቤቱ ሁሉ ዝም ብሏል። እኔም ጠየቅኋቸው።

«አባባ፣ ተኝተው ነበር እንዴ?»

አልተቆጡም። ካፖርታቸውን ምስማሩ ላይ ሰቀሉ፤ እጅጌውን ቀጥ አድርገው አስተካከሉ። ከዚያ «ሻይህን ጠጣ፤ ይረፍድብሃል» አሉኝ። ሌላ ምንም አላሉም፤ ያን ቀንም፣ ከዚያ በኋላም።

ስለ ፐርል ሀርበር ካነበብኩት ሁሉ ብዙ ያሰብኩበት አንድ ደብዳቤ ነው። በፌብሩዋሪ 1941 እ.ኤ.አ.፣ ከጥቃቱ አሥር ወር ያህል ቀድሞ፣ የባሕር ኃይሉ የበላይ አዛዥ አድሚራል ሃሮልድ ስታርክ በፐርል ሀርበር ለነበረው አዛዥ ለአድሚራል ሀዝባንድ ኪመል ጻፈ። ጉዳዩ በወደቡ ውስጥ በታላላቆቹ መርከቦች ዙሪያ የቶርፒዶ መረብ ይዘርጋ ወይስ አይዘርጋ የሚል ነው። ከአውሮፕላን የሚጣል ቶርፒዶ ወደ ላይ ተመልሶ እንዲሄድ ውሃው ቢያንስ 75 ጫማ ጥልቀት ያስፈልገዋል ተባለ፤ የፐርል ሀርበር ውሃ ግን 30፣ ቢበዛ 40 ጫማ ነው። መረቡ ቦታ ያጣብባል፤ መርከቦች ፈጥነው እንዳይወጡም ያግዳል። ስለዚህ ያን ጊዜ አስፈላጊ መስሎ አልታየም፤ አልተዘረጋምም። ጃፓኖቹ ግን በቶርፒዶዎቻቸው ላይ ከእንጨት የተሠራ ክንፍ ገጠሙ፤ ቶርፒዶው ጥልቅ ሳይሰጥም እንዲሄድ አደረጉት። በዚያ ጠዋት 40 አውሮፕላኖች ቶርፒዶ ይዘው መጡ። ኦክላሆማ ተገለበጠች፤ 429 ሰዎቿ አለቁ። ዌስት ቨርጂኒያም ሰጠመች።

ሲንኮና ያን ሁሉ ስታይ እዚያው ነበረች። መረብ መዘርጋት የምታውቅ መርከብ፣ መረብ ባልተዘረጋበት ወደብ ውስጥ። የት ይዘርጋ፣ መቼ ይከፈት የሚለውን የምትወስነው እሷ አልነበረችም። መረቡ የታዘዘበት ቦታ ይዘረጋል፤ በሩም በታዘዘው ሰዓት ይከፈታል። ሲታይ የሚያድረው ግን መረቡና ከመረቡ አጠገብ የቆመው ሰው ነው። መረብ ስትሠራ አይታይም፤ ስትበጠስ ግን ሁሉ ያያታል።

ከዚያ በኋላ ጦርነቱ ወደ ምዕራብ ሲገፋ፣ በዛፍ የተሰየሙት መርከቦች በየደሴቱ ተከተሉ። መርከቦች የሚያርፉበት ወደብ በተያዘ ቁጥር ቀድመው ከሚፈለጉት መካከል ነበሩ። ከእነዚህ ወደቦች ትልቁ ኡሊቲ ይባላል፤ በሰላማዊ ውቅያኖስ መሐል በኮራል ድንጋይ የተከበበ ሰፊ ውሃ ነው። እዚያ ኦክቶበር 28 ቀን 1944 እ.ኤ.አ. ቫይበርነም የተባለችው መረብ ዘርጊ ሥራዋ ላይ ሳለች ከሥሯ ፍንዳታ ተነሥቶ ክፉኛ ጎዳት። ሦስት ሳምንት አልፎ ኖቬምበር 20 ቀን፣ ጃፓኖች ሰው አስቀምጠው የሚልኩት ካይተን የተባለ ቶርፒዶ ወደዚያው ወደብ ዘልቆ ሚሲሲኔዋ የተባለችውን ነዳጅ ጫኝ መርከብ አቃጠላት፤ 63 ሰዎች ሞቱ። የኡሊቲ ታሪክ በተነገረ ቁጥር ያቺ ጠዋት ትነገራለች፤ መነገርም አለባት። ነገር ግን በዚያ ወደብ ውስጥ በአንድ ጊዜ ከ700 በላይ መርከቦች ቆመው ያውቃሉ። የሚበዙት በሰላም ገብተው፣ በሰላም አድረው፣ በሰላም ወጥተዋል። ስለነዚያ ሌሊቶች መጽሐፍ ፈልጌ አላገኘሁም። ማን ይጽፋል? ያልመጣውን ጠላት፣ ያልሰጠመውን መርከብ፣ ለእናቱ ያልተላከውን የሞት ደብዳቤ በምን ይቆጥሩታል?

የሲንኮናም ታሪክ አጭር ነው። ባሕር ኃይሉ ስለ መርከቦቹ ባጠናቀረው መዝገብ ስለ ታላላቆቹ ገጽ በገጽ ይነበባል፤ ስለ እሷ የተጻፈው ግን ሻይ ሳይቀዘቅዝ ተነብቦ ያልቃል። መጀመሪያ ሳነበው አዘንኩላት። ቆይቼ ግን ሐዘኔን ተጠራጠርኩት። ለመረብ መርከብ ረጅም ታሪክ መመኘት ክፉ መመኘት ነው።

አንድ ሰው ደግሞ አለ፣ ስሙን ሳላነሣ ላልፍ የማልፈልገው። እርሱ መርከበኛ አይደለም፤ ዘበኛ ነው። ያው 1934 ዓ.ም. ሳያልቅ፣ ግንቦት 23 (እ.ኤ.አ. ሜይ 31 ቀን 1942)፣ አውስትራሊያ ውስጥ በሲድኒ ወደብ አፍ ላይ መረብ ተዘርግቶ ነበር። ሥራው ገና ነበረ፤ መሐሉ አልቆ ሁለቱ ዳርቻ ክፍት ነው። ያን ሌሊት ሦስት ትናንሽ የጃፓን ሰርጓጆች መጡ። ከምሽቱ 2 ሰዓት ከሩብ ገደማ የመጀመሪያይቱ መረቡ ውስጥ ተጠላልፋ ቀረች። ያያት ጄምስ ካርጊል የተባለ የወደቡ ሌሊት ዘበኛ ነው። በጨለማ፣ ከመረቡ መሐል፣ መኖር የሌለበት ነገር አየ። ጀልባውን እየቀዘፈ ሄዶ ቀረብ ብሎ ተመለከተ፤ ከዚያም ወደ ጥበቃ መርከቢቱ ቀዝፎ ያየውን ተናገረ። ይህ ሲሆን 4 ሰዓት ሊሆን ምንም ያህል አልቀረውም ነበር። በመርከቢቱ ያሉት ወዲያው አልተቀበሉትም፤ ፈንጂ ይሆናል፣ የተጣለ ዕቃ ይሆናል እያሉ ጊዜ አለፈ። 4 ሰዓት ተኩል ካለፈ በኋላ በሰርጓጅዋ ውስጥ ያሉት ሁለቱ ጃፓናውያን ራሳቸውን ከነመርከባቸው አፈነዱ። በዚህ መሐል ሌላይቱ በክፍቱ ዳርቻ ገብታ ነበር፤ የተኰሰችው ቶርፒዶ የባሕር ኃይል ማደሪያ በሆነችው ከታቡል ሥር ፈንድቶ 21 ሰው ገደለ።

ካርጊልን ብዙ ሌሊት አስቤዋለሁ። ያየው ባይታመንስ ኖሮ ምን ይባል ነበር? ተኝቶ ነበር፣ ሕልም አይቶ ነው ይባል ይሆናል። ዘበኛ ካላየ ተኝቷል ይባላል፤ ካየም መጀመሪያ የሚጠየቀው ነቅቶ እንደነበር ነው። እኔም ከዚህ የተለየ ጥያቄ አልጠየቅሁም። የ27 ዓመት ሌሊት ፊቴ ቆሞ ካፖርቱን ሲያወልቅ፣ እኔ የጠየቅሁት ስለ አንዱ ብቻ ነው።

አባቴ ካረፉ ስድስት ዓመት ሆነ። ለአርባቸው አገር ቤት ገብቼ ስመለስ እናቴ ደብተሮቹን በሻንጣዬ ከተተችልኝ። «ውሰዳቸው፤ እኔ አላነብ፣ እዚህ አይጥ ይበላቸዋል» አለችኝ። አምጥቼ ሳልከፍታቸው አስቀመጥኳቸው። የከፈትኳቸው ስለ ሲንኮና ባነበብኩ በማግሥቱ ነው። አሥራ አንድ ናቸው፤ ልባሳቸው የነተበ፣ አንዳንዱ የሻይ ጠብታ ያለበት። በመጀመሪያው ደብተር ፊደሉ ትልልቅና ጠማማ ነው፤ «ላ» የምትለዋ እግሯ ተንሻፍፋ ልትወድቅ ትደርሳለች። በመጨረሻው ደብተር እጃቸው ተቃንቶ እንደ ጸሐፊ እጅ ሆኗል። ከዚህ ሌላ ልዩነት የለም። ቀን፣ ሰላም። ቀን፣ ሰላም። አንዳንድ ቦታ «ዝናብ ነበር። ሰላም» ይላል። አንድ ቦታ «ወባዬ ተነሣ። ሰላም» ይላል። ልቁጥራቸው ብዬ ጀምሬ ሺህ ላይ ስደርስ ተውኩት።

ያችን ሌሊት ፈለግኋት። እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የፈለግኋት ብል አልዋሸሁም። አገኘኋት። ቀኑ ተጽፏል። ከቀኑ ቀጥሎ ምንም የለም። መስመሩ ባዶ ነው። አልተሰረዘም፣ አልተፋቀም፤ ቀኑን ጽፈው ብዕራቸውን አንሥተዋል። በማግሥቱ እንደገና «ሰላም» ይላል፣ እንደ ወትሮው።

ትእዛዙን ሊጽፉ ይችሉ ነበር፤ ማንም አያየው። የኃላፊውን ስም ሊጽፉ ይችሉ ነበር። ወይም «እንቅልፍ አሸነፈኝ» ብለው ለራሳቸው ሊናገሩ ይችሉ ነበር። አንዱንም አላደረጉም። ተኝተው ይሁን ነቅተው ያን ባዶ መስመር አይቼ ልናገር አልችልም፤ ዛሬም አላውቅም። የማውቀው በደብተሩ ላይ ያልሆነውን ሆነ ብለው አለመጻፋቸውን ነው። ያን ቀን ሰላም አልነበረም፤ ስለዚህ ሰላም አላሉም። ለካ የቀሩት ሺህ ሰላሞች በልማድ የተጻፉ አልነበሩም። እያንዳንዷን አረጋግጠው ነው የጻፏት።

ባዶው መስመር ላይ አንድ ነገር ልጽፍበት ብዕር አውጥቼ ነበር። ምናልባት ይቅርታ ይሆናል። መልሼ ኪሴ ከተትኩት። መስመሩ የእሳቸው ነው።

ሲንኮናን የሚያስታውስ ሐውልት ይኑር አይኑር አልመረመርኩም። እኔ ግን ከዚያ ሌሊት ጀምሮ አንድ ልማድ አበጅቻለሁ። የምሠራበት ድርጅት በኮምፒውተር የሚሞላ ቅጽ አለው፤ የተፈጠረ ችግር ካለ ይጠይቃል፣ የለም ብዬ እመልሳለሁ፤ ይህ የመሥሪያ ቤቱ ነው። ከዚያ ሌላ ከአበሻ ሱቅ የገዛኋት አንዲት ደብተር አለችኝ። አሁን ይህን ስጽፍ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ከ42 ይላል፤ ከመስታወቱ ውጭ ዝናብ ይጥላል፤ በሩ ተቆልፏል፤ ሁለት ጊዜ ሄጄ ነካክቼዋለሁ። ደብተሯን ከፍቼ የዛሬን ቀን ጽፌአለሁ። ከቀኑ ቀጥሎ ያለውን ንጋት ላይ እጨምረዋለሁ።